በዓይነ ቁራኛ፦ ስለ አመክሮ ተቆጣጣሪዎች ሥራ በትምህርት ቤታችን በዓል ቀን የተደረገ ንግግር



ትምህርት ቤታችን የተቋቋመበትን በዓል በምናከብርበት ቀን ከመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች አንዱ ንግግር ማድረጉ የቆየ ልማድ ስለ ሆነ፣ ዘንድሮ ይህ ተራ ለኛ ደርሶናል። ከኛ በፊት የነበሩት ወንድሞቻችን በዚሁ ሥፍራ ቆመው ስለ ሐኪም፣ ስለ መሐንዲስና ስለ አውሮፕላን ነጂ ሥራ ተናግረዋል። እኛም ባለፈው ወር መምህራችን በየወንበሩ እየዞሩ «ትምህርታችሁን ስትጨርሱ ምን ትሆናላችሁ?» ብለው በጠየቁን ጊዜ መልሳችን ከነዚህ ከሦስቱ ብዙ አልራቀም። አንዲት ተማሪ ብቻ «የአመክሮ ተቆጣጣሪ» ብላ መለሰች። ክፍሉም በሳቅ ተሞላ። የሳቅነው ሥራው የሚያስቅ ሆኖ አይደለም፤ ምን እንደ ሆነ ስላላወቅን ነው። ከሳቁ በኋላ ግን ጥቂቶቻችን ዝም አልን፤ ምክንያቱን ወደ ኋላ እንነግራችኋለን።

የአመክሮ ተቆጣጣሪ ማለት፣ ጥፋተኛ ሆኖ ሳለ ፍርድ ቤት ወደ እስር ቤት ያልላከውን ሰው፣ ወይም ከእስራቱ አብዛኛውን ፈጽሞ በአመክሮ የተለቀቀውን ሰው፣ በቤቱና በሠፈሩ እየተከታተለ የሚረዳ፣ ስለ ጠባዩም እውነቱን ለፍርድ ቤት የሚያስታውቅ ሠራተኛ ነው። «አመክሮ» የሚለው ቃል መፈተን ማለት ሲሆን፣ በገዳም ለመመንኰስ የሚሻ ሰው አስቀድሞ በአመክሮ እንደሚቆይ ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። እንግዲህ ተቆጣጣሪው ከፈተናው ደጃፍ ቆሞ የሚጠብቅ ዘበኛ ብቻ አይደለም፤ ከተፈታኙ ጋር አብሮ የሚፈተን ነው።

ይህ ነገር ከውጭ አገር የመጣ ብቻ እንዳይመስለን የአባቶቻችንን ሕግ እናስታውስ። በቀድሞ ዘመን ከሳሽና ተከሳሽ፣ ወይም አበዳሪና ተበዳሪ፣ ዳኛ ፊት እስኪቀርቡ ድረስ የልብሳቸው ጫፍ ከጫፍ እየተቋጠረ፣ አንዳንድ ጊዜም በሰንሰለት እየተያያዙ ይቆዩ ነበር። ይህም ቁራኛ ይባላል። ቁራኞቹ አብረው ይሄዳሉ፣ አብረው ይበላሉ፣ አብረው ያድራሉ። ያ ልማድ ቀርቶ ዛሬ በአፋችን የቀረው «በዓይነ ቁራኛ መጠበቅ» የሚለው አነጋገር ነው። ሰንሰለቱ ተፈታ፣ ዓይኑ ግን ቀረ ማለት ነው። ለአመክሮ ተቆጣጣሪ ሥራ ከዚህ የተሻለ ስም ስንፈልግ አላገኘንም። ዋስ የሚባለውም ሰው አለ፤ እሱ ግን ቃሉንና ገንዘቡን ሰጥቶ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ቁራኛ ግን አይሄድም።

በባሕር ማዶ ይህን ሥራ የጀመረው ምሁር ወይም ሹም ሳይሆን ጫማ ሰፊ ነው። ጆን አውግስጦስ የተባለ የቦስተን ከተማ ሰው እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1841 በፍርድ ቤት ተቀምጦ ሳለ አንድ ሰካራም ለፍርድ ሲቀርብ አየ። ከሰውየው ጋር ጥቂት ከተነጋገረ በኋላ ዋስ ሆኖ ወሰደው። ከሦስት ሳምንት በኋላ መልሶ ሲያመጣው ሰውየው ንጹሕ ልብስ ለብሶ፣ ልቡናው ተመልሶለት ስለ ነበር ዳኛው በአንድ ሳንቲም መቀጫ ለቀቁት። ጫማ ሰፊው በ1859 እስኪሞት ድረስ 1946 ሰዎችን በዋስ አስፈትቷል። በዚህም ጠላት አላጣም፤ በተለይ የወህኒ ቤት ሹሞች ጠሉት፣ ምክንያቱም ባስፈታው ሰው ቍጥር ለነሱ የሚከፈለው ገንዘብ ይቀርባቸው ነበር። የማሳቹሴትስ ግዛት በ1878 ስለዚህ ሥራ ሕግ አወጣ፤ እንግሊዝም በ1907 ተከተለች። ይህን ታሪክ በክፍል ውስጥ ስንሰማ አንዱ ጓደኛችን «ታዲያ ጫማውን ማን ሰፋለት?» ብሎ ጠየቀ። ጥያቄው ለቀልድ ቢመስልም ትክክል ነው፤ አውግስጦስ ስለ ሌላው ሰው ሲሮጥ የራሱ ሥራ ተበድሎበታል።

በሀገራችን ቅጣትን መገደብና በአመክሮ መፍታት በግልጽ የተጻፈው በ1949 ዓመተ ምሕረት በታወጀው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ነው። ረቂቁን ያዘጋጁት የስዊስ አገሩ ሊቅ ዣን ግራቨን ናቸው። ዛሬ የምንተዳደርበትና ከግንቦት 1 ቀን 1997 ጀምሮ የጸናው የወንጀል ሕግም ይህን ይዟል። ከእስራቱ ሦስት እጅ ሁለቱን የፈጸመ እስረኛ ጠባዩ ታይቶ በአመክሮ ሊፈታ ይችላል። ዘጠኝ ዓመት ያልሞላው ሕፃን በወንጀል አይጠየቅም። ከዘጠኝ እስከ አሥራ አምስት ዓመት ያለው ልጅ ግን ከአዋቂዎች ጋር እንዳይታሰር፣ ይልቁንም ታርሞ እንዲያድግ ልዩ ልዩ መንገዶች ተዘጋጅተዋል። ከነዚህ አንዱ ልጁን ለዘመዱ፣ ወይም ለታመነ ሰው፣ ወይም ለልጆች ለተቋቋመ ድርጅት አደራ መስጠት ነው፤ አደራ ተቀባዩም ስለ ልጁ ጠባይ ኃላፊ መሆኑን በጽሑፍ ያረጋግጣል። ሌላው ደግሞ በትርፍ ጊዜውና በበዓል ቀን በትምህርት ቤት ወይም በቤቱ ተወስኖ ለዕድሜው የሚስማማ ሥራ እንዲሠራ ማድረግ ነው። (ከትምህርት ሰዓት በኋላ ስንት ጊዜ እንደ ቀረን የሚያውቁ መምህራን ስላሉ በዚህ አንቀጽ ላይ ብዙ አንናገርም።) በ1954 የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግም የልጅ ጕዳይ በዝግ ችሎት፣ ያለ ብዙ ደንብና ማስፈራራት እንዲታይ ያዛል።

ሕጉ ይህን ያህል ሲናገር፣ ሥራውን የሚሠራው ሰው ግን በሠፈራችን እንደ አስተማሪና እንደ ነርስ የታወቀ አይደለም። ከ1980ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ፎረም ኦን ስትሪት ችልድረን ኢትዮጵያ የተባለው ድርጅት ከአዲስ አበባ ፖሊስ ጋር ተባብሮ በፖሊስ ጣቢያዎች የሕፃናት ጥበቃ ክፍል እንዲከፈት፣ ቀላል ጥፋት ያደረጉ ልጆችም ከቤታቸው ሳይለዩ በሠፈራቸው እየተመከሩና እየተማሩ እንዲታረሙ ደክሟል። የዚህ ዓይነት ሠራተኛ ምን እንደሚያደርግ እኛ በዓይናችን ያየነው በራሳችን ጓደኛ ምክንያት ነው።

ከሦስት ዓመት በፊት በአስተርእዮ ማርያም ዕለት፣ በእንጦጦ ማርያም ደጅ ሰው እንደ ጠጠር በፈሰሰበት ሰዓት፣ ከክፍላችን ልጆች አንዱ ከአንዲት ተሳላሚ ቦርሳ ተንቀሳቃሽ ስልክ ሰርቆ ተያዘ። ዕድሜው አሥራ አራት ነበር። እናቱ ሞተዋል፤ የሚያሳድጉት አያቱ ከባሕር ዛፉ ደን ጭራሮ እየለቀሙ፣ ከነፍሳቸው የሚከብድ ሸክም በጀርባቸው ተሸክመው ወደ ሽሮ ሜዳ የሚወርዱ ሴት ናቸው። ጕዳዩ በሕፃናት ችሎት ታይቶ ልጁ ለአያቱ አደራ ተሰጠ። አያቱ ፊደል ስላልቈጠሩ በጣታቸው ፈረሙ። አንዲት ወይዘሮም እንዲከታተሉት ተመደቡ።

እኚህ ወይዘሮ የደንብ ልብስ የላቸውም። በወር ሁለት ጊዜ ከሽሮ ሜዳ ዳገቱን በእግራቸው ይወጣሉ። ይህን ንግግር ስናዘጋጅ ሄደን ስለ ሥራቸው ጠየቅናቸውና በትዕግሥት አስረዱን። ቤት ሲገቡ መጀመሪያ የሚያዩት ልጁን ሳይሆን ምድጃውን ነው፤ እሳት ካልነደደበት የዚያን ቀን ምክር አይሰሙም አሉን። ሁለተኛ ደብተሩን ያያሉ፤ በውስጡ የተጻፈውን ብቻ ሳይሆን ያልተጻፈበትን ቀን ይቈጥራሉ። ቡና ሲፈላ ይቀመጣሉ፤ ጎረቤት ሲመጣ ስለ ሌላ ነገር ያወራሉ። ስለ ልጁ ለፍርድ ቤት ሲጽፉ ከመልካሙም ከክፉውም አይሸሽጉም። አንድ ጊዜ ልጁ ሦስት ቀን ከቤት ጠፍቶ ስለ ነበር አያቱ «ልጄ፣ ይህችን እንኳ ዝለያት» ብለው ለመኗቸው። «እማማ፣ ይህችን ከዘለልኩ መልካሙን ስጽፍ ማን ያምነኛል?» ብለው ጻፉት።

እኛ ከሁሉ የከበደን ሌላ ነገር ነው። ስልኩ ለተሳላሚዋ ተመልሶላት ነበር፤ ልጁ ግን ለመሸጥ ሲል በውስጡ የነበረውን ሁሉ አጥፍቶ ስለ ነበር የሞተባት ልጇ ፎቶግራፍ አብሮ ጠፋ። ሌላ ቅጂ አልነበራትም። ይህን ለልጁ የነገሩት ወይዘሮዋ ናቸው፤ ዳኛም ፖሊስም አልነገሩትም። «ይህን ሳያውቅ ቢታረም ኖሮ መታረሙ ለራሱ ብቻ ይሆን ነበር» አሉን። ከሰማ በኋላ ለብዙ ሳምንት እንዳልተናገራቸው፣ እሳቸውም እንዲናገር እንዳላስገደዱት አጫወቱን። ስለዚህ፣ ወላጆቻችን ሆይ፣ ይህ ሥራ ለጥፋተኛ ብቻ ማዘን፣ የተበደለውን መርሳት ነው የምትሉ ካላችሁ፣ እኛ ያየነው እንዲያ አይደለም።

አሁን ዝም ያልንበትን ምክንያት እንናገር። ልጁ ከሁለት ሳምንት በኋላ ወደ ክፍል ሲመለስ በወንበሩ ከሱ ጋር የሚቀመጡት ሁለቱ ደብተራቸውን ይዘው ተነሡ። ከፊቱ ያሉት ቦርሳቸውን ወደ ጭናቸው ሳቡ። ማንም አልሰደበውም፤ ማንም አልመታውም፤ አስተማሪም አላወቀብንም። ወይዘሮዋ ወደኛ መጥተው «ከናንተ ሁለት ልጆች ማታ ማታ አብረውት ወደ ቤት ቢሄዱ» ብለው ለመኑን። ወላጆቻችንን እንጠይቃለን አልን፤ አልጠየቅንምም። ለፋሲካ ትምህርት ተዘግቶ ሲከፈት አልተመለሰም። ፍርድ ቤት በትምህርት ቤቱ እንዲቆይ ፈቅዶለት ነበር፤ ያላስቆየነው እኛ ነን። ለጓደኛችን መልስ የሳቅንባትም እኛው ነን፤ እሷ ግን ያን ጊዜ ከተነሡት ከሁለቱ አንዷ ነበረች።

ዓለም በቃኝ የሚባለው ወህኒ ቤት ፈርሶ በሥፍራው የአፍሪካ ኅብረት አዳራሽ ጥር 2004 ሲመረቅ እኛ ሕፃናት ነበርን፤ ወይም አልተወለድንም። ስሙን ግን ከታላላቆቻችን ሰምተናል። ወህኒ ቤት የሚለውም ስም በየበሩ ተለውጦ ማረሚያ ቤት ሆኗል። ግድግዳን ማፍረስ፣ ሰሌዳንም መለወጥ መንግሥት የሚችለው ነው። የወንበሩ ነገር ግን ለኛ የተተወ ነበር።

ባለፈው ቅዳሜ ሦስት ሆነን ወደ ሽሮ ሜዳ ወረድን። ልጁ ዛሬ ቀን ቀን ከአንድ ሸማኔ ዘንድ ክር ያጠነጥናል፤ ማታ ማታ ይማራል፤ የተወሰነለትን ጊዜም በመልካም ጠባይ ፈጽሟል። በዚህ በዓል ንግግር ልናደርግ መሆናችንን፣ ፈቃዱም ከሆነ ታሪኩን ልናነሣ እንደምንወድ ነገርነው። ሥራውን ሳያቋርጥ ጥቂት አሰበ።

«ስሜን ትጠራላችሁ?» አለን።

«አንጠራም» አልነው።

«ስለ ስልኩ ከተናገራችሁ ስለ ወንበሩም ተናገሩ» አለን።

ወንበሩ በዘጠነኛ ክፍል በመስኮቱ በኩል ከፊት ሦስተኛው ነው።