ጨውና ኬላ
በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር



ማኅበሩ በጎረቤታሞች አገሮች መካከል ስለሚነሣ የቀረጥና የንግድ ጠብ እንድናገር ባዘዘኝ ጊዜ፣ ስለ አሜሪካና ስለ ቻይና የምናገር የመሰላችሁ ሳትኖሩ አትቀሩም። የእነርሱን ነገር ጋዜጣው ሁሉ ይናገረዋልና፣ እኔ ከደብረ ማርቆስ ሳልርቅ ከየጁቤ ልነሣ።

በ19ኛው መቶ ዓመት የባሶ ገበያ የሚባለው በየጁቤ ይቆም ነበር። ከዐባይ ማዶ ከእናርያ የሚመጣው ቡና፣ ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስና ዝባድ፣ ይህንንም መሸሸግ አይገባምና ባሪያው ጭምር፣ ከሰሜን ከሚወርደው አሞሌ ጨው ጋር የሚገናኘው እዚህ ነበር። አሞሌ የሚበላ ጨው ብቻ ሳይሆን ገንዘብም ነበር። ከአፋር በረሓ ተቆርጦ በየኬላው እየተቀረጠ ስለሚመጣ፣ ወደ ደቡብ በራቀ ቁጥር ዋጋው እየወደደ ይሄዳል። የቀረጡም ልክ በአንድ ደንብ የተጻፈ ስላልሆነ፣ ነጋዴው ኬላው ደርሶ የኬላውን ጌታ ፊት ሳያይ ምን እንደሚከፍል አያውቅም።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ሀብት የሚያሳልፈው በር የማን ይሁን የሚለው ጥያቄ ሁለት ጎረቤታሞችን አጣላ። ዐፄ ዮሐንስ በ1873 ዓ.ም. ራስ አዳልን ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት አሰኝተው በጎጃምና በከፋ ላይ አነገሧቸው። የሸዋው ንጉሥ ምኒልክም ያንኑ የደቡብ ምዕራብ አገር ይፈልጉት ነበርና፣ በ1874 ዓ.ም. ሁለቱ በእምባቦ ተዋጉ። ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ቆስለው ተማረኩ። (ጎጃሜ ነኝና ይህን ስናገር ፊቴ የጠቆረ እንደ ሆነ ይቅርታ አድርጉልኝ።) ዐፄ ዮሐንስ ሁለቱንም ቀጡ፤ ከምኒልክ ወሎን፣ ከተክለ ሃይማኖት አገው ምድርን ወሰዱ። ንግዱ ግን ቀስ በቀስ ወደ ሸዋ ዞረ፤ በ1909 ዓ.ም. የጅቡቲው ባቡር አዲስ አበባ ሲገባ፣ የባሶ መንገድ የታላቅ ንግድ መንገድነቱ ቀረ።

እምባቦ በሆነ በ116 ዓመቱ ተመሳሳይ ነገር በአገራችን ሰሜን ተደገመ። ኤርትራ በ1985 ዓ.ም. ነጻ አገር ከሆነች በኋላም ሁለቱ አገሮች የሚገበያዩት በብር ነበር። በ1990 ዓ.ም. መጀመሪያ ኤርትራ ናቅፋ የተባለውን ገንዘቧን አወጣች፤ ኢትዮጵያም በዚያው ሰሞን የብሩን ኖት ለወጠች። አስመራ ናቅፋና ብር አንድ ለአንድ ይመንዘሩ ስትል፣ አዲስ አበባ ከ2,000 ብር በላይ የሆነው ንግድ በባንክ መተማመኛ ሰነድና በውጭ ምንዛሪ ይሁን አለች። ያለ ስምምነት የጎረቤቱን ኖት እንደ ራሱ ኖት የሚቀበል መንግሥት የለምና፣ በአዲስ አበባ አቋም አልፈርድም። ነገር ግን ይህ ሁሉ በ1985 ዓ.ም. ቁጭ ተብሎ መጻፍ የነበረበት ነው። ሁለቱ መንግሥታት በወዳጅነት ተማምነው ሳይጽፉት አምስት ዓመት አለፈ። በግንቦት 1990 ዓ.ም. በባድመ ጦርነት ተነሣ። የጦርነቱ ምክንያት ገንዘብ ብቻ ነበር አልልም፤ ወሰንም የቆየ ቂምም ነበረበት። በሁለት ዓመት ውስጥ በአሥር ሺሕ የሚቈጠር ወጣት አለቀ። በአሰብ ይገባ የነበረው ዕቃችንም ወደ ጅቡቲ ዞረ።

አሁን ወደ ጨው ልመለስ። በገጠር ያደጋችሁ ሁሉ አንገቷ በእንቅርት ያበጠ እናት አይታችኋል። የደጋችንን አዮዲን ዝናቡ ከአፈሩ ጋር አጥቦ ይወስደዋል፤ አዮዲን ያነሳት እናትም የምትወልደው ልጅ አእምሮው ሊጎዳ ይችላል። መድኃኒቱ በጣም ርካሽ ነው፤ በጨው ላይ ጥቂት አዮዲን መጨመር ነው። ከጦርነቱ በፊት ኢትዮጵያ ከምትበላው ጨው አብዛኛው ከኤርትራ ጠረፍ፣ ይልቁንም ከአሰብ፣ አዮዲን ተጨምሮበት ይመጣ ነበር። መንገዱ ሲዘጋ ጨዋችን ከአፍዴራ ሐይቅ መምጣት ጀመረ፤ ይኸውም አዮዲን ያልተጨመረበት ነበር። ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲኖረው የሚያዝዝ ደንብ የወጣው በ2003 ዓ.ም. ነው። በዚያው ዓመት በተደረገው አገር አቀፍ የሕዝብና የጤና ጥናት፣ አዮዲን ያለበት ጨው የተገኘው ከመቶ ቤት በ15ቱ ያህል ብቻ ነበር። አስመራንም ባድመንም አይታ የማታውቅ የቢቸና ወይም የደጀን እናት የዚያ ጠብ ዕዳ ከፋይ ሆነች ማለት ነው። በስንቱ የጦርነት ታሪክ ውስጥ ይህች እናት እንደ ተጻፈች እናንተው ፈልጉ።

መስከረም 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ዛላምበሳና ቡሬ ተከፈቱ። (የእኛው ቡሬ አይደለም፤ በአሰብ መንገድ ያለው ነው።) እኔ የ7ኛ ክፍል ተማሪ ነበርሁ፤ ሰው ሲተቃቀፍ በቴሌቪዥን አይቼ ከቤተ ሰቦቼ ጋር አለቀስሁ። ጤፉና ሲሚንቶው ያለ ቀረጥና ያለ ጉምሩክ ወደ ሰሜን ነጐደ። የንግድ ውል ግን አልነበረም፤ የምንዛሪውም ልክ አልተወሰነም። በሮቹ በጥቂት ወራት ውስጥ ተራ በተራ ተዘጉ። ያን ጊዜ ቀረጥ አለመኖሩ ደስ ያሰኘን ሁሉ ተሳስተናል፤ እኔም ከተሳሳቱት አንዱ ነኝ። ቀረጡ ታውቆ ቢጻፍ ኖሮ ነጋዴው ሒሳቡን ይሠራ ነበር፤ በሩን ለመዝጋት የፈለገ ባለ ሥልጣንም ምክንያቱን ለመናገር በተገደደ ነበር።

ስለ አሰብ ብዙ ወሬ በሚነሣበት በዚህ ጊዜ ለውይይታችን አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። ሁለቱ አገሮች ዳግመኛ በተነጋገሩ ጊዜ፣ ከወደብና ከወሰን ጉዳይ አስቀድሞ አንዲት አጭር ዝርዝር ትጻፍ። ጨው፣ እህልና መድኃኒት በታወቀ ቀረጥ ይለፉ፤ መንግሥታቱ በሌላው ጉዳይ ቢጣሉ እንኳ እነዚህ አይታገዱ። የሕግ ክፍል ጓደኞቼ ጦርነት ሲመጣ ማን ያከብረዋል እንደምትሉኝ አውቃለሁ። መልሱ ስላላረካኝ ነው ወደ እናንተ ያመጣሁት፤ መናገር የምትፈልጉ እጃችሁን አንሡ።