የጨው መንገድና ወጣቱ ነጋድራስ



በቀድሞው ዘመን ከአፋር በረሃ የተቆረጠው አሞሌ በግመልና በበቅሎ ተጭኖ ወደ ዋግ ደጋ ይወጣ፣ ከሰቆጣ ገበያም ወደ ላስታና ወደ በጌምድር ያልፍ ነበር። አሞሌው ጨውም ገንዘብም ነበር። ነገር ግን በየኬላው ቀረጥ ስለሚከፈልበት መንገዱ በረዘመ ቁጥር ዋጋው ይከብዳል፤ ሸክሙም የሚያርፈው በመጨረሻው ገዢ ጫንቃ ላይ ነበር።

እንዲህ ያለውን የንግድና የቀረጥ ነገር መርምረው ከጻፉት ሊቃውንት አንዱ ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ናቸው። በ1878 ዓ.ም. በዐድዋ አጠገብ ተወልደው፣ በልጅነታቸው ባሕር ተሻግረው በጀርመን አገር ተማሩ። ወደ አገራቸው ተመልሰውም የምድር ባቡር ተቆጣጣሪ፣ የድሬዳዋም ጉምሩክ ሹም ሆነው አገለገሉ። በጽሑፎቻቸው የንጉሥ ገንዘብ ከመንግሥት ገንዘብ እንዲለይ፣ ግብር በገንዘብ እንዲወሰን፣ የጉምሩክም ሥርዓት አንድ ወጥ እንዲሆን መከሩ። የሕዝብ ሀብት ምንጩ በዕውቀት የተመራ ሥራ መሆኑንም አስተማሩ።

በ1911 ዓ.ም. ገና በወጣትነታቸው ዐረፉ። «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የተባለው መጽሐፋቸው የታተመው ከሞቱ በኋላ በ1916 ዓ.ም. ነው።

በጽሕፈት ቤት ለምንሠራ ሰዎች ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። ያለምክንያት የምናዘገየው ማመልከቻ እንደ አንድ ኬላ ይቆጠራል፤ ዋጋውን የሚከፍለውም ከሰቆጣ ድረስ ደክሞ የመጣው ባለጉዳይ ነው። ስለዚህ ብዕራችን መንገድ ከፋች እንጂ መንገድ ዘጊ አይሁን።