በቤት ፊልም ላይ በሪሞት የሚበራና የሚጠፋ ጽሑፍ ስለ ማግባት

(በማኅበራችን ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ እንድናገርበት የተሰጠኝ ጉዳይ በየቤታችን ቁም ሣጥን ውስጥ የተቀመጠውን ፊልም የሚመለከት ነው። የሠርጉ አለ፤ የክርስትናው አለ፤ የገና ዕለት በቤተ ማርያም የተቀረጸው ቤዛ ኩሉ አለ፤ ወደ ይምርሐነ ክርስቶስ ስንሳለም የተነሣው አለ። ገሚሱ ገና በካሴት ነው፤ ገሚሱ ወደ ዲቪዲ ተገልብጧል። ዲቪዲው ይባዛና ወደ ውጭ አገር ይላካል። እዚያ ያሉት እናትና አባት እያለቀሱ ያዩታል። እዚያ የተወለደው ልጅ ግን አያቱ ሲመርቁት የተዘረጋውን እጅ ያያል እንጂ ምርቃቱን አይሰማም። ቋንቋው አልገባውማ! እዚሁ ሰፈራችንም ጆሮአቸው የደከመ ሽማግሌዎችና መስማት የተሳናቸው ወጣቶች አሉ፤ እነሱም ሥዕሉን ብቻ አይተው ይነሣሉ። ለሁሉም መላው ከሥዕሉ ግርጌ የሚወጣው ጽሑፍ፣ በተለምዶ ሰብታይትል የምንለው ነው።

ይህን ጽሑፍ በሁለት መንገድ ማግባት ይቻላል። አንደኛው በሥዕሉ ላይ ማተም ነው። ይህ እንደ ንቅሳት ነው፤ አንዴ ከገባ አይወጣም። አማርኛ የሚያውቁት አያት የሠርጉን ፊልም ባዩ ቁጥር እንግሊዝኛው የሙሽራዋን ጥልፍ ሸፍኖ ይቆማል። ሁለተኛው እንደ ነጠላ ነው፤ ሲፈለግ ይደረባል፣ ሳይፈለግ ይወልቃል። የዲቪዲ አሠራር ይህን ሁለተኛውን ይፈቅዳል፤ በአንድ ፊልም ላይ እስከ 32 የሚደርስ የጽሑፍ መስመር መደረብ ይቻላል። በሪሞቱ ላይ ያለውን የሰብታይትል ቁልፍ ተጭኖ አማርኛውን፣ እንግሊዝኛውን ወይም ምንም መምረጥ ነው።

አሁን አንድ ነገር ልብ በሉልኝ፤ የዚህ ሁሉ ቁም ነገር ያለው እዚህ ላይ ነው። በዲቪዲ ላይ የሚገባው ጽሑፍ በእርግጥ ጽሑፍ አይደለም፤ ሥዕል ነው። እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር አስቀድሞ ይሣልና ባዶው ቦታ ብርሃን አሳላፊ ሆኖ፣ በጠቅላላው ከአራት በማይበልጥ ቀለም፣ ከፊልሙ ጎን ይቀመጣል። ማጫወቻው የሚያደርገው ሥዕሉን በሰዓቱ መደረብ ብቻ ነው። ስለዚህ ማጫወቻው የግዕዝ ፊደል ባይኖረውም ግድ የለም! ከገበያ የተገዛው ተራ ማጫወቻ ሳይቀር አማርኛውን ጥርት አድርጎ ያሳያል። በፍላሽ ላይ ፊልምና ጽሑፍ ለየብቻ አድርጋችሁ ቴሌቪዥን ላይ የሰካችሁ ሰዎች በፊደል ፈንታ ባዶ ሳጥን ተደርድሮ አይታችሁ ይሆናል። እዚያ ጽሑፉ ጽሑፍ ሆኖ ስለሚቀርብ ቴሌቪዥኑ ራሱ ፊደሉን ማወቅ አለበት። ዲቪዲ አረጀ የሚሉ ወጣቶች አሉ፤ አልተሳሳቱም፤ በዚህ በኩል ግን አሮጌው ከአዲሱ ይሻለናል።

ሥራው የሚሠራው ሊነክስ በሚባለው የኮምፒውተር ሥርዓት ነው። ሊነስ ቶርቫልድስ የተባለ ፊንላንዳዊ ተማሪ በ1991 እ.ኤ.አ. የጀመረው ሲሆን በነፃ ይታደላል፤ አሮጌ ኮምፒውተር ላይም ይሠራል። የሚያስፈልጉት ፕሮግራሞችም በነፃ የሚገኙ ናቸው። አንዴ ከተጫኑ በኋላ ኢንተርኔት አያሻም። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት እንደቆየ ታስታውሳላችሁና፣ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

መጀመሪያ ንግግሩ ይጻፋል። ለዚህ ጋውፖል የሚባል ፕሮግራም አለ፤ ተራ የጽሑፍ ማዘጋጃም ይበቃል። እያንዳንዱ ንግግር ተራ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ከሥሩ የሚወጣበትና የሚጠፋበት ሰዓት ይጻፋል፤ ለምሳሌ 00:01:12,500 --> 00:01:16,000 ይላል፤ ከዚያ በታች ንግግሩ፣ ከዚያ አንድ ባዶ መስመር። በቃ፣ ይኸው ነው። አስቸጋሪ አይደለም፤ ግን አሰልቺ ነው። የአንድ ሰዓት ፊልም ሙሉ ቅዳሜና እሑድ ሊበላ ይችላል። አንድ ሰው እየሰማ ቢናገር፣ ሌላው ቢጽፍ ይፈጥናል፤ አያትን ከጎን አስቀምጦ «ምን አሉ?» እያሉ መጠየቅ ደግሞ ከሁሉ ይበልጣል። በአንድ ጊዜ ከሁለት መስመር በላይ አታውጡ፤ ሰው አንብቦ ሳይጨርስም አታጥፉበት።

ስለ ፊደሉ አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። ዱሮ እንደ ፓወር ግዕዝ ባሉ ፕሮግራሞች የተጻፈ ጽሑፍ የያዛችሁ ካላችሁ እንዳለ አይሠራም። በእነዚያ ጊዜ የኛ ፊደል በላቲኑ ፊደል ቦታ ተደብቆ ይቀመጥ ስለነበር ሌላ ፕሮግራም ሲከፍተው ትርጉም የሌለው ዝብርቅርቅ ይወጣል። ፊደላችን ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ ሠንጠረዥ ውስጥ የራሱን ቦታ ያገኘው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ስለዚህ ጽሑፉ በዩኒኮድ ይጻፍ፤ ፋይሉም ዩቲኤፍ 8 በሚባለው ዓይነት ይቀመጥ።

ቀጥሎ ፊልሙ ኤፍኤፍኤምፔግ በተባለው ፕሮግራም ወደ ዲቪዲ ዓይነት ይለወጣል። እዚህ ላይ የሚላክበትን አገር አስቀድሞ ማሰብ ያስፈልጋል። እኛ አገር የምንጠቀመው ፓል የሚባለውን ነው፤ 576 መስመር፣ በሴኮንድ 25 ሥዕል። የአሜሪካው ግን 480 መስመርና በሴኮንድ 30 ያህል ሥዕል ነው። ብዙ የአሜሪካ ማጫወቻ የኛን አይቀበልም። የጽሑፉ ሥዕልም የሚሣለው በዚሁ ልክ ስለሆነ ኋላ ልለውጠው ቢሉ ከመነሻው መጀመር ነው።

ከዚያ ስፑመክስ ይመጣል። ጽሑፉን ወደ ሥዕል ለውጦ ከፊልሙ ጋር የሚገምደው እሱ ነው። የትኛውን የፊደል ዓይነት እንደሚጠቀም መንገር የግድ ነው፤ ካልነገሩት ለላቲን የተሠራውን ያነሣና ለአማርኛው ባዶ ሳጥን ይሥላል። አቢሲኒካ የሚባለው ወይም የኖቶ ግዕዝ ፊደል ጥሩ ነው። መጠኑን ለእንግሊዝኛ ከሚበቃው ከፍ አድርጉት። በሉ እና በሊ መካከል ያለው ልዩነት እኮ አንዲት ጭረት ናት፤ ፊደሉ ካነሰ ጭረቷ በቴሌቪዥን ላይ ትጠፋለች። የኛ ፊደል አናባቢውን በራሱ ስለሚሸከም መስመሩ አጭር ነው፤ ስለዚህ ቢተልቅም ቦታ አይጠበውም። ከታችም ጥቂት ቦታ ተዉለት፤ አሮጌ ቴሌቪዥን ጠርዙን ይቆርጣል። ስፑመክስ በአንድ ጊዜ አንድ ቋንቋ ብቻ ስለሚያገባ ለአማርኛው አንዴ፣ ለእንግሊዝኛው ሌላ ጊዜ ይሠራል። ቁጥሩ የሚጀምረው ከዜሮ ነው፤ አማርኛው ዜሮ፣ እንግሊዝኛው አንድ ይሆናል።

በመጨረሻ ዲቪዲ ኦተር የተባለው ሁሉንም አደራጅቶ ማጫወቻ በሚያውቀው መልክ ያስቀምጣል። ለእያንዳንዱ ጽሑፍ ባለሁለት ፊደል የቋንቋ መለያ እዚህ ይሰጣል፤ ይህ ካልተሰጠ አንዳንድ ማጫወቻ ጽሑፉ መኖሩንም አያውቅም። አማርኛ መለያ አለው። ግዕዝ ግን የለውም! ለግዕዝ የተሰጠው ባለሦስት ፊደል ብቻ ነው፤ የጎረቤቶቻችን የዋግ ሰዎች ቋንቋ ኻምጣኛም እንደዚሁ። ዲቪዲ ደግሞ ከሁለት በላይ አይቀበልም። የቤዛ ኩሉን ግዕዝ እንዳለ ጽፎ፣ የአማርኛ ትርጉሙን በሌላ መስመር መደረብ እጅግ ያማረ ነገር ነውና በዚህ ምክንያት መቅረት የለበትም። ግዕዙን በሦስተኛው መስመር አስገብቶ «ሦስተኛው ግዕዝ ነው» ብሎ በሽፋኑ ላይ መጻፍ ይበቃል። ዲስኩ ሲገባ ጽሑፉ በራሱ እንዲበራ ከተፈለገ ደግሞ ከዜሮ ለሚጀምረው ቁጥር 64 ተደምሮ ይታዘዛል፤ ለአማርኛው 64፣ ለእንግሊዝኛው 65 ማለት ነው። ሪሞታቸው ለጠፋባቸው ቤቶች ይህ ይረዳል። ሪሞት ያልጠፋበት ቤት ደግሞ የታለና!

ዲስክ ከመጻፋችሁ በፊት በኮምፒውተሩ ላይ ቪኤልሲ በተባለው ማጫወቻ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተመልከቱት። ጽሑፉ ከድምፁ ከቀደመ ወይም ከዘገየ እዚያው ይታያል። ተራው ዲስክ 4.7 ጊጋ ባይት ይይዛል፤ በመጠነኛ ጥራት ሁለት ሰዓት ያህል ነው። ጽሑፉ ቦታ አይወስድም ማለት ይቻላል።

ስለ ትርጉሙ ሁለት ነገር ልበል። አያት የተናገሩት በላስታ አነጋገር ከሆነ አማርኛውን በዚያው ጻፉት፤ የሬዲዮ አማርኛ አታድርጉት። «እንቅፋት አይምታህ፣ እሾህ አይውጋህ» ያሉትንም «ደኅና ሁን» ብላችሁ አትገላገሉ። ልጁ በባዶ እግር ሄዶ የማያውቅ ቢሆንም አያቱ የፈሩለትን እሾህ ይወቀው። ሁለተኛ፣ በሠርግ ጭውውት መካከል ስለ ዘመድ የሚወራ ወሬ ይኖራል። ድምፁ ሲሰማ ያልፋል፤ ሲጻፍ ግን ይከርራል። የተናገሩትን ሰው «ይህን ልጻፈው ወይ?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው፤ አይሆንም ካሉ ይቅር።

ዲስኩ ተሠርቶ ሲያልቅ የጽሑፉን ፋይል አትጣሉት፤ በፍላሽም በሌላ ኮምፒውተርም ይቀመጥ። ነገ ዲቪዲ ማጫወቻ ከገበያ ቢጠፋ ያው ፋይል ለሌላ ዓይነት ፊልም ያገለግላል። ካሴት ያላችሁ ግን ጊዜ አትስጡት፤ የካሴት ክር እያደር ይበላሻል፣ ማጫወቻውም እየጠፋ ነው። በፊልሙ ላይ ያሉትን ሽማግሌዎች ስም የሚያውቅ ሰው ሳይታጣ በወረቀት ጽፋችሁ ከካሴቱ ጋር አምጡ።