የሚያዳምጥ መሣሪያና የኡካ ተማሪ አንደበት



በአንድ የሁለተኛ ደረጃ ክፍል ውስጥ 60 ተማሪዎች ተቀምጠዋል ተብሎ ይታሰብ። ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ነው። መምህሩ አንዲት ቃል ሳይተነፍስ፣ ስም ሳይጠራ፣ ሰሌዳ ሳይጠርግ ጊዜውን በሙሉ ለተማሪዎቹ ቢያከፋፍለው ለእያንዳንዱ የሚደርሰው 40 ሰከንድ ብቻ ነው። በሳምንት አምስት ክፍለ ጊዜ ቢመደብ ድምሩ 3 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ይሆናል። በዚህች ጊዜ እንኳንስ ባዕድ ቋንቋ ሊለመድ ቀርቶ፣ ሁለት የመንደር ሰዎች በገበያ መንገድ ቢገናኙ የቤተሰቡንና የከብቱን ደኅንነት ተጠያይቀው አይጨርሱም።

ይህ ስሌት የመምህሩን ድካም ለመንቀፍ የቀረበ አይደለም። እንዲያውም ጥፋቱ የመምህሩ ብቻ አለመሆኑን የሚመሰክር ነው። ተማሪው ስለ እንግሊዝኛ ቋንቋ ብዙ ይማራል፤ የግሡን እርባታ ያውቃል፤ የጎደለውን ቃል በባዶው ቦታ ይሞላል። የሚያጣው በቋንቋው የሚያነጋግረውን ሰው ነው።

በኢሉባቦር ዞን የምትገኘው የኡካ ከተማ ለዚህ ጉዳይ ጥሩ ማሳያ ናት። የኡካ ተማሪ ከትምህርት ቤቱ ደጅ እንደ ወጣ የሚሰማው አፋን ኦሮሞ ነው፤ በገበያና በመሥሪያ ቤት አማርኛ ይጨመርበታል። እንግሊዝኛ ግን ከመጽሐፉ ጋር አብሮ ይከደናል። በ1986 ዓ.ም. በወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ መሠረት እንግሊዝኛ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት እንዲሰጥ ተደርጓል። እስከ ስምንተኛ ክፍል በአፋን ኦሮሞ ሲማር የቆየ ልጅ ዘጠነኛ ክፍል ሲገባ ግን ፊዚክሱም፣ ታሪኩም፣ ሒሳቡም በአንድ ጊዜ እንግሊዝኛ ይሆንበታል።

የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናም የሚሰጠው በዚሁ ቋንቋ ነው። ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ እንደ ነበሩ፣ ቁጥሩም በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ እንደ ሆነ ይታወሳል። የውጤቱ ማነስ ምክንያት ብዙ ነው፤ ሁሉንም በቋንቋ ማሳበብ ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። ነገር ግን የጥያቄውን ቃል በወጉ ያልተረዳ ተማሪ፣ ጉዳዩን በራሱ ቋንቋ ቢያውቀው እንኳ፣ ትክክለኛውን መልስ ለመምረጥ ይቸገራል።

እንግሊዝኛ ወደዚህ አካባቢ የመጣው በልዩ ልዩ መንገድ ነው። በ1894 ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክና በእንግሊዝ መንግሥት መካከል በተፈረመው ውል መሠረት በባሮ ወንዝ ዳር፣ በጋምቤላ፣ የንግድ ጣቢያ ተቋቋመ። የኢሉባቦር ቡና በጎሬና በቡሬ በኩል ወደ ጋምቤላ ወርዶ፣ ክረምት ወንዙ ሲሞላ በእንፋሎት መርከብ ወደ ሱዳን ይጫን ነበር። በጎሬም የእንግሊዝ ቆንስላ ነበረ። በዚያ ዘመን ባዕድ ቋንቋ የሚለምድ ሰው የሚለምደው ጉዳይ ስለ ነበረው ነው፤ የሚገዛው ወይም የሚሸጥለት፣ የሚጠይቀው ወይም የሚመልስለት ሰው ከፊቱ ቆሞ ይጠብቀው ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1962 ፒስ ኮር የተባለው የአሜሪካ የሰላም ጓድ የመጀመሪያው ቡድን ወደ ኢትዮጵያ ሲገባ ወደ 280 የሚጠጉ በጎ ፈቃደኞች በልዩ ልዩ ከተሞች ተመደቡ፤ አብዛኞቹም የሁለተኛ ደረጃ መምህራን ሆኑ። እነዚህ ሰዎች ይናገሩም ይሰሙም ነበር፤ ሆኖም ጥቂቶች ነበሩ፤ ጊዜያቸው ሲፈጸምም ይሄዱ ነበር። ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ በ1997 ዓ.ም. አካባቢ፣ ሕዝቡ «ፕላዝማ» ብሎ የሰየመው በሳተላይት የሚተላለፍ የቴሌቪዥን ትምህርት በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ገባ። ፕላዝማው ጥሩ እንግሊዝኛ ይናገራል፤ ግን አይሰማም። ጥያቄ ጠይቆ ለጥቂት ሰከንድ ዝም ካለ በኋላ፣ ተማሪው መለሰም አልመለሰም፣ ወደሚቀጥለው ያልፋል። በትምህርቱ ተማሪው ብዙ ሰምቶ ይሆናል፤ እርሱን የሰማው ግን አልነበረም።

መስማት ብቻውን እንደማይበቃ የታወቀው በእኛ አገር ብቻ አይደለም። ሜሪል ስዌይን የተባሉት የካናዳ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1985 ባቀረቡት ጥናት፣ ትምህርታቸውን ለዓመታት በፈረንሳይኛ ሲከታተሉ የቆዩ ልጆች ቋንቋውን በሚገባ እየተረዱ በንግግርና በጽሑፍ ግን ወደ ኋላ መቅረታቸውን አመለከቱ። ምክንያቱንም ሲያስረዱ፣ ተማሪው ሐሳቡን ራሱ አውጥቶ ለመናገር ካልተገደደ የጎደለውን ነገር አያውቀውም አሉ። «ሙያ በልብ ነው» የሚለው ብሂል ለብዙ ነገር ይሠራል፤ የቋንቋ ሙያ ግን በአንደበት ካልወጣ ባለቤቱ እንኳ መኖሩን አያውቅም።

አሁን የመጣው መሣሪያ ከፕላዝማው የሚለየው በዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ ለሕዝብ የቀረበው ቻትጂፒቲና መሰሎቹ፣ ማለትም በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠሩት ተነጋጋሪ መሣሪያዎች፣ ለተጠቃሚው ቃል ተገቢ መስሎ የታያቸውን መልስ ይሰጣሉ፤ ከ2023 ወዲህ ደግሞ በድምፅ ማነጋገር ተችሏል። ተማሪው በእጅ ስልኩ ሲናገር መሣሪያው ይቀበላል፤ ከተማረው እጅግ ብዙ ጽሑፍ በመነሣት ቀጥሎ ሊመጣ የሚገባውን ቃል እየገመተ መልስ ያቀናብራል። አይሰለችም፤ አይቆጣም፤ ከሁሉም በላይ አይስቅም።

ይህ የመጨረሻው ነገር ቀላል አይደለም። በክፍል ውስጥ አንዲት ተማሪ ቃል ስታሳስት ከኋላ የሚነሣው ሳቅ ለወራት አፏን ሊዘጋው እንደሚችል የማያውቅ መምህር የለም። ፕ፣ ቭ እና ዝ በአፋን ኦሮሞ የሚገኙት በውሰት ቃላት ብቻ በመሆኑ፣ የእንግሊዝኛውን ፕ ወደ ብ የሚያስጠጋ ተማሪ ይኖራል፤ «ስኩል» ለማለት «እስኩል» የሚለው ደግሞ አማርኛ ተናጋሪውም ኦሮምኛ ተናጋሪውም ነው። ይህ የአፍ መፍቻ ቋንቋ ምልክት እንጂ ነውር አይደለም። ቢሆንም ኀፍረት ምክንያት አይሰማም። ተማሪዋ ሃያ ጊዜ ተሳስታ ሃያ ጊዜ የምትሞክርበት፣ ምስክር የሌለበት ቦታ ካገኘች ትልቅ ነገር አገኘች።

ይሁን እንጂ መሣሪያው ጉድለቶች አሉት፤ ከጉድለቶቹም አንዳንዶቹ በጎነት መስለው የሚታዩ ናቸው። የመጀመሪያው ከመጠን በላይ የሚረዳ መሆኑ ነው። ተማሪዋ የተሰባበረ ዐረፍተ ነገር ብትናገር ሐሳቧን ገምቶ ይመልስላታል፤ እርሷም የተናገረችው ትክክል መስሏት ታልፋለች። ሁለተኛው ለመስማማት የሚቸኩል፣ ለማመስገንም የማይሰስት መሆኑ ነው። ሦስተኛው ብዙ መናገሩ ነው፤ ለአንድ ዐረፍተ ነገር አሥር መልሶ የተማሪዋን ጊዜ ይወስድባታል። አራተኛው የማያውቀውን እንደሚያውቀው ሁሉ በልበ ሙሉነት መናገሩ ነው።

በዚህ ረገድ የቆየ ትምህርት አለ። እ.ኤ.አ. በ1966 ጆሴፍ ዋይዘንባም የተባሉት የኤም.አይ.ቲ. ምሁር «ኤሊዛ» የተባለውን የመጀመሪያውን ተነጋጋሪ ፕሮግራም ይፋ አደረጉ። ኤሊዛ ሰው የነገራትን ቃል ገልብጣ በጥያቄ መልክ ከመመለስ በቀር ይህን ያህል ሥራ አልነበራትም። ሆኖም ፕሮግራሙ ሲሠራ ያዩት የምሁሩ ጸሐፊ ከኤሊዛ ጋር ብቻቸውን ይነጋገሩ ዘንድ ምሁሩን ከክፍሉ እንዲወጡላቸው ጠየቁ። ዋይዘንባም በዚህ ደንግጠው፣ ሰው በቀላሉ ማስተዋልን ለማያስተውል መሣሪያ እንደሚሰጥ በ1976 ባሳተሙት መጽሐፍ አስጠነቀቁ። የዛሬው መሣሪያ ከኤሊዛ እጅግ የረቀቀ ቢሆንም ማስጠንቀቂያው አልሻረም። ስለዚህ ተማሪው ስሙን፣ የቤተሰቡን ጉዳይ፣ የልቡን ምስጢር ለመሣሪያው እንዳይነግር፣ ልጆችም ያለ ወላጅ ወይም ያለ መምህር ዕውቀት እንዳይጠቀሙበት መደረግ አለበት።

እንግዲህ በኡካ ክፍል ይህ መሣሪያ እንዴት ይሥራ? መልሱ ከኡካ ከራሷ ይገኛል። መሣሪያው ስለ ለንደን ከየትኛውም የኡካ ተማሪ አብልጦ ይናገራል። ስለ ኡካ ግን ተማሪዋ ትበልጠዋለች። ቀዩ እሸት ቡና መቼ እንደሚለቀም፣ ደርቆ ጀንፈል እስኪሆን ስንት ቀን እንደሚገለበጥ፣ ዝናብ ሲመጣ ማን ሮጦ እንደሚሸፍነው፣ የንብ ቀፎ በየትኛው ዛፍ ላይ እንደሚሰቀል የምታውቀው እርሷ ናት። እነዚህን በእንግሊዝኛ ታስረዳው፤ እርሱ ይጠይቃት። ሲሳሳት፣ መሳሳቱም አይቀርም፣ «አይደለም፤ በእኛ አገር እንዲህ ነው» ብላ ታርመው። ያን ጊዜ ተማሪዋ ጉዳይ ያለው ንግግር ትናገራለች፤ የጋምቤላ ነጋዴ እንደ ነበረው ያለ ጉዳይ። ለመሣሪያው አለማወቅ የሚፈራው ነገር ለእርሷ የንግግር ምክንያት ይሆንላታል።

ሥራው በሦስት ደረጃ ሊከፈል ይችላል። በመጀመሪያ ተማሪዎቹ አራት አራት ሆነው የሚናገሩትን በወረቀት ላይ በጥቂት ቃል ይነድፋሉ። ቀጥሎ በአንድ ስልክ ዙሪያ ተሰብስበው በየተራ ለ10 ደቂቃ ያህል መሣሪያውን ያነጋግራሉ፤ ሲጀምሩም «በአጭሩ ተናገር፤ በአንድ ጊዜ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቅ፤ በመጨረሻ ከስሕተቶቻችን ሦስቱን ንገረን» ብለው ያዙታል። ለድምፅ በቂ ኔትወርክ ካልተገኘ በጽሑፍ መለማመድም ይቻላል፤ ዳታውም ይቆጠባል። በሦስተኛው ደረጃ ስልኩ ይዘጋና ከቡድኑ አንዱ ያንኑ ጉዳይ ለሌላ ቡድን ፊት ለፊት ይናገራል። ይህ ሦስተኛው ደረጃ ከቀረ ሁለቱ ከንቱ ናቸው። የቋንቋ ፈተናው ሰው ነውና፤ ፊቱን የሚያጠቁር፣ «አልሰማሁሽም» የሚል፣ ደግሞም የሚገባው ሲገባው ራሱን የሚነቀንቅ ሰው።

ስልኩ የቡድኑ እንዲሆን የተፈለገው ያለ ምክንያት አይደለም። ስማርት ስልክና የዳታ ክፍያ ያለው ልጅ በቤቱ ሲለማመድ የሌለው ልጅ ቢመለከት፣ ቀድሞውኑ የነበረው ልዩነት ይሰፋል። መቱ ላይ ዩኒቨርሲቲ ተቋቁሞ የአካባቢው ልጅ በሩ ቀርቦለታል፤ በበሩ የሚያልፈው ግን የስልክ ባለቤት ብቻ ከሆነ መቅረቡ ምን ይረባል? አንድ የትምህርት ቤት ስልክ፣ አንድ ኃላፊነት የሚወስድ መምህርና በሳምንት የተወሰነ ሰዓት ለመነሻ ይበቃሉ።

የመምህሩ ሥራ በዚህ አይቀንስም፤ ቦታውን ይለውጣል እንጂ። መሣሪያው ዝም ብሎ ያለፈውን ስሕተት የሚይዘው፣ ባዶ ምስጋናውን ከእውነተኛ መሻሻል የሚለየው፣ ከኋላ የሚነሣውን ሳቅ የሚያስቆመው መምህሩ ነው። መሣሪያው ለኡካ ተማሪ ሃያ የመሳሳቻ ጊዜ ሊሰጣት ይችላል። ሃያ አንደኛውን ግን በጓደኞቿ ፊት ቆማ ስትናገር፣ ክፍሉን ጸጥ አሰኝቶ እስክትጨርስ የሚያዳምጣት ሰው ያስፈልጋታል።