ፍሬት የሌለው ቤዝና መሰንቆ

እሷ፦ አዲ አርቃይ ሠርግ ላይ ስትታደም ዓይንህ የት ነው?

እሱ፦ ድግሱ ላይ ነዋ!

እሷ፦ የኔ ከአዝማሪው ግራ እጅ ላይ ነው። መሰንቆ የጣትን ቦታ የሚለይ የብረት ዘንግ፣ ማለትም ፍሬት፣ የለውም፤ ፍሬት የሌለው ቤዝ ጊታርም እንደዚያው።

እሱ፦ ቆይ፣ ቤዝ እኮ ብዙ ጊዜ አራት ክር አለው። መሰንቆ ያለው አንድ የፈረስ ጭራ ክር ነው።

እሷ፦ ይሁን፤ ጥበቡ ግን ጣት ላይ ነው። ተጫዋቹ ጣቱን ሳያነሳ ከድምፅ ወደ ድምፅ ያንሸራትታል፤ ሲደርስ ያወዛውዘዋል፣ ድምፁ ይርገበገባል።

እሱ፦ እዚህ ላይ እንለያያለን። ቤዝ ተጫዋች ክሩን እንጨቱ ላይ ይጫነዋል። አዝማሪ በጎን ነካ ነው የሚያደርገው፤ ክሩ እንጨቱ ጋ አይደርስም።

እሷ፦ እሱስ እውነት ነው። የቤዙ ክር እንጨቱን እየታከከ ያንጎራጉራል፤ ቤዝ ተጫዋቹ ጃኮ ፓስቶሪየስ እ.ኤ.አ. በ1976 በስሙ ባወጣው አልበም ላይ ይሰማል።

እሱ፦ የመሰንቆው ደጋንስ? ቤዝ ከተመታ በኋላ ድምፁ እየከሰመ ይሄዳል፤ የመሰንቆው ግን ደጋኑ እስከተሳበ ድረስ ይዘልቃል።

እሷ፦ ታዲያ ቤዙ ትዝታ ሲጫወት ምን ያድርግ?

እሱ፦ ድምፁ ሳይጠፋ ቶሎ ያንሸራትት። ደግሞ ጆሮ ይፈልጋል፤ ጣት ትንሽ ከሳተ ቅኝቱ ይበላሻል።

እሷ፦ አንዳንዱ አዝማሪ እኮ ሆን ብሎ ይስታል!

እሱ፦ አዎ፣ ከታች ተነስቶ ቀስ ብሎ ይወጣል። ሸላሚው ያኔ ነው እጁን ኪሱ የሚከተው።