የጣሪያችን ውሃና የፕላስቲክ ቱቦ
(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ በልማት ጣቢያ ሠራተኛ የቀረበ ንግግር)





ዛሬ የማነሣው ጉዳይ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን የእናቶቻችንን ድካምና የጓሯችንን ችግኝ ይመለከታል።

በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ፣ ከጉና ግርጌ እስከ አባይና በሽሎ ቆላ ድረስ አንድ የሚያመሳስለን ነገር አለ። በክረምት ውሃው ከቆርቆሯችን ወርዶ ደጃችንን እየሸረሸረ ይሄዳል፤ ዝናቡ ሲወጣ ግን ጀሪካን አዝለን ምንጭ እንወርዳለን።

ስሌቱ ቀላል ነው። በ1 ካሬ ሜትር ላይ የጣለ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ሊትር ውሃ ነው። የቤታችን ርዝመት 8 ሜትር፣ የአንዱ ወገን ክዳን የሚሸፍነው ወርድ ደግሞ 2 ሜትር ተኩል ቢሆን 20 ካሬ ሜትር ይሆናል። 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲጥል ከዚህ ወገን ብቻ 200 ሊትር ይወርዳል። አንድ አምስተኛው ቢባክን እንኳ 160 ሊትር፣ ማለትም 8 ጀሪካን ደጃችን ላይ ይቀራል።

ለዚህ ሥራ እያንዳንዳቸው 6 ሜትር የሆኑ 2 ባለ 110 ሚሊ ሜትር የፒቪሲ ቱቦዎች ይበቃሉ። አንደኛውን በመጋዝ በቁመቱ ለሁለት ስንሰነጥቀው 12 ሜትር አሸንዳ ይወጣዋል። አሸንዳው በየሜትሩ 1 ሴንቲ ሜትር ወደ በርሜሉ ያዘቅዝቅ። በረዶ እንዳይጥለውም በየ60 ሴንቲ ሜትሩ በሽቦ ወይም በብረት ማንጠልጠያ ይያዝ።

ሁለተኛው ቱቦ ወራጅ ይሆናል። የመጀመሪያው ውሃ አቧራና የወፍ ኩስ ይዞ ስለሚወርድ በርሜል ውስጥ መግባት የለበትም። ስለዚህ በወራጁ ላይ “ቲ” የሚባለውን ባለ ሦስት አፍ መጋጠሚያ እናስገባለን። ከመጋጠሚያው በታች 1 ሜትር ከሩብ የሚሆን ቱቦ ታችኛው አፉ ተከድኖ ይቆማል፤ 10 ሊትር ያህል ይይዛል። ቆሻሻው ውሃ እሱን ሲሞላ ንጹሑ በጎን ወደ በርሜል ያልፋል። በክዳኑ ላይ ቀጭን ቀዳዳ ከተውን ለሚቀጥለው ዝናብ ራሱ ይጎድላል።

ጥንቃቄም ያስፈልጋል። ፒቪሲ ፀሐይ ላይ ሲከርም ስለሚሰባበር ቀለም ይቀባ። ቱቦ ማቃጠል አይገባም፤ ጭሱ መርዝ ነው። በርሜሉ ይከደን። ውሃው ለመጠጥ ከሆነ ይፈላ።

እውነቱን ለመናገር አንድ በርሜል በጋን አያሻግርም። 40 ጥቅል ጎመን በቀን ግማሽ ግማሽ ሊትር ብናጠጣ 200 ሊትር ውሃ ለ10 ቀን ነው። ዝናቡ በመስከረም ቀድሞ ሲወጣ ግን ያ 10 ቀን የደከምንበትን አትክልት ሊያተርፍልን ይችላል።

የተከበራችሁ አመራሮች፣ በ1995 እና በ1996 ዓ.ም. በክልላችን የቤተሰብ ኩሬ በዘመቻ መቆፈሩን አባቶች ያስታውሳሉ። የተጠቀሙ አሉ፤ ብዙው ግን ውሃው ሰርጎ፣ ፕላስቲኩ ተቀዶ፣ የሚጠግነው ጠፍቶ ቀርቷል። ኮታ ጉድጓድ ያስቆፍራል እንጂ ውሃ አይዝም። አሸንዳም የኮታ ሥራ እንዳይሆን አደራ እላለሁ። በሪፖርታችን የምንቆጥረው አሸንዳ የተሰቀለበትን ቤት ሳይሆን በሁለተኛው ክረምት ውሃ የያዘውን ቤት ይሁን።

ዩኒየናችን ደግሞ ቱቦውን፣ መጋጠሚያውንና ማጣበቂያውን በጅምላ ገዝቶ እንደ ማዳበሪያው በመሠረታዊ ማኅበራት በኩል ቢያቀርብ፣ አባሉም ምርቱን ሲሸጥ ቢከፍል፣ በየቀበሌው ሁለት ሁለት ወጣቶች ጥገና ቢሠለጥኑ ሥራው በእጃችን ይቀራል። የተሰበረ ቱቦ የሚቀይር ሰው በቀበሌው ከሌለ ግን እንደ ኩሬው ይሆናል።