የምንተኛበት ቆዳ



 ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ቆዳ ነው። ስለ ጫማ ቆዳ አይደለም፤ በቤታችን ስለምንተኛበትና ስለምንቀመጥበት ቆዳ ነው።

እስቲ የየቤታችንን ዕቃ እንቁጠር። አልጋው በጠፍር የተጠላለፈ ነው። መደቡ ላይ ቁርበት ወይም ጀንዲ ተነጥፏል። እንግዳ ሲመጣ አጎዛ ይዘረጋለታል። አንዳንዱ ቤት የጠፍር ወንበርም አለ። እነዚህ ዕቃዎች በደንብ ከተመረጡና ከተያዙ ከአባት ለልጅ ይተርፋሉ። ካልተያዙ ግን በሁለት ክረምት ያልቃሉ። ልዩነቱ ከምን ይመጣል?

አንድን የቆዳ ዕቃ ሦስት ሰዎች ናቸው የሚሠሩት። አንደኛው ከብቱን ያረባውና ያረደው ገበሬ ነው። ሁለተኛው ቆዳውን ያለፋው ባለእጅ ነው። ሦስተኛው ዕቃውን በቤቱ የሚይዘው ቤተሰብ ነው። ከሦስቱ አንዱ ሥራውን ከበደለ የሁለቱ ድካም ከንቱ ይቀራል።

የገበሬው ሥራ

ቆዳ መበላሸት የሚጀምረው ከብቱ በሕይወት እያለ ነው። የጋለ ብረት የተተኮሰበት፣ አለንጋ የተለተለው፣ እሾህ የቧጨረው ቦታ ጠባሳው አይጠፋም። ከበሬ ቆዳ ሁሉ ጠንካራው የጀርባውና የዳሌው ነው። ብዙ ጊዜ የምንተኩሰው ደግሞ እዚያው ዳሌው ላይ ነው። ምልክት ማድረግ ግድ ከሆነ ጉንጩ ወይም የእግሩ ታች ላይ ይሁን። በግና ፍየልን ቅማልና መዥገር ሲወርሳቸው ቆዳቸው ይጎዳል። ስለዚህ በጊዜው ማሳከም ይገባል።

በዕርድ ጊዜም ጥንቃቄ አለ። ቢላዋ ቆዳውን ለመሰንጠቅ ይግባ እንጂ ሁሉን ቦታ አይቆራርጥ። የበግና የፍየል ቆዳ በቡጢ እየተገፋ ይገፈፋል። የተገፈፈውን ቆዳ አፈር ላይ ጥለን አንደር፤ በዚያው ዕለት ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ሥር እንወጥረው። ኃይለኛ ፀሐይ ላይ ከተሰጣ ላዩ ቶሎ ይደርቅና ውስጡ እርጥብ ሆኖ ይበሰብሳል።

አሁን ከሁሉ የሚበልጠውን እንናገር። ከብት ሳይታመም ድንገት ሞቶ ቢገኝ፣ ሆዱ ቶሎ ቢነፋ፣ ከአፍንጫው ወይም ከፊንጢጣው የማይረጋ ጥቁር ደም ቢወጣ፣ አባ ሰንጋ ሊሆን ይችላል። «ሥጋው ቢቀር ቆዳው ይትረፈን» የሚል ሰው አይጠፋም። ይህ አደገኛ ነው! የአባ ሰንጋ ዘር በቆዳና በአፈር ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሳይሞት ይቆያል። ማድረቅም፣ ጨውም አይገድለውም። ገፋፊውን፣ አልፊውንና የሚተኛበትን ሰው ሁሉ ሊይዝ ይችላል። ስለዚህ እንዲህ ያለውን ከብት አንክፈተው፣ አንግፈፈው፣ አንብላው። የእንስሳት ሐኪም ይጠራ። ከዚያም ይቃጠል ወይም ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ ይቀበር።

በሽታው ሰውን በቆዳው በኩል ሲይዝ መጀመሪያ የሚያሳክክ ትንሽ እብጠት ይወጣል። ኋላ መሀሉ ይቆስልና ይጠቁራል። ቁስሉ ብዙ ጊዜ አያምም። «አላመመኝም» ብሎ መቀመጥ ግን አይገባም። ቶሎ ጤና ጣቢያ ለሄደ ሰው የሚያድን መድኃኒት አለ።

የባለእጁ ሥራ

ጥሬ ቆዳ እርጥብ ከሆነ ይበሰብሳል፤ ከደረቀ ደግሞ እንደ ሳንቃ ይደርቃል። ባለእጁ ነው ከሁለቱ የሚያወጣው። ሥጋውንና ጮማውን ይፍቃል። እምቧይና ቅባት ይቀባዋል። ያሸዋል፣ ይረግጠዋል፣ ደግሞ ያሸዋል። በዚህ ድካም ቆዳው ለፍቶ ጀንዲ ይሆናል። ጠፍር ግን ሌላ ነው። እርጥብ ሆኖ በአልጋው እንጨት ላይ ይጠላለፋል፤ ሲደርቅ ይኮማተርና ይወጠራል። የጠፍር አልጋ ያለ ሚስማር ጠንካራ የሚሆነው በዚህ ብልሃት ነው።

ታዲያ ይህን የሚሠራውን ሰው ምን ብለን ስንጠራው ኖርን? «ፋቂ» እያልን ሰደብነው። ቡዳ ነው ብለን ሸሸነው። ልጁን ለልጃችን ከለከልን። ማታ ግን በሠራው ጀንዲ ላይ እንተኛለን! ይህ ነገር ትክክል ነው?

ነገሩ ስህተት መሆኑ የታወቀው ዛሬ አይደለም። ከእንጦጦ ወርደው ከእቴጌ ጣይቱ ጋር አዲስ አበባን የቆረቆሩት አፄ ምኒልክ፣ በ1900 ዓ.ም. ባለእጅን የሚሰድብ ሰው እንዲቀጣ በአዋጅ አዘው ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅም በገዛ ጉልበቱ ለማረስ ለሚፈልግ ሰው ሁሉ መሬት እንዲሰጥ ሲያዝ ባለእጁን አልለየም። አዋጅ ግን ብቻውን ልብን አይለውጥም። ልብ የሚለወጠው ጎረቤት ጎረቤቱን በስሙ ሲጠራ፣ የሥራውን ዋጋ ሳያጓድል ሲከፍል፣ በማዕዱም ሲያስቀምጠው ነው።

ስንገዛ ምን እንመልከት?

1. ቆዳው ከየት ከብት እንደመጣ እንጠይቅ። ታርዶ ነው ወይስ ሞቶ?

2. ጀንዲውን ገልብጠን የሥጋውን ወገን እንይ። የቢላዋ ቁርጥ ካለ ውሎ አድሮ ከዚያ ይቀደዳል።

3. እጥፍ አድርገን እንየው። እጥፉ ላይ ከተሰነጠቀ ከመጠን በላይ ደርቋል። እናሽተው፤ የመበስበስ ሽታ ካለው እንተወው።

4. የአልጋ ጠፍር ወርዱና ውፍረቱ እኩል ይሁን። ከጀርባ የተቆረጠው ይሻላል። የሆድ ቆዳ ስስ ስለሆነ ይለጠጥና አልጋው ይረግባል።

5. ሶፋ የሚገዛ ሰው ደግሞ የቆዳውን ጀርባ ይይ። እውነተኛ ቆዳ ጀርባው ጭረት ጭረት ያለው፣ ሻካራ ነው። ጀርባው ጨርቅ ከሆነና ፊቱ ፕላስቲክ ከመሰለ ቆዳ አይደለም። ሻጩ «ቆዳ ነው» ስላለ ብቻ የቆዳ ዋጋ አይከፈልም።

የቤተሰቡ ሥራ

የቆዳ ጠላቶች ሁለት ናቸው፤ ብዙ እርጥበትና ብዙ ድርቀት። ኮረብታችን ብርዳማ ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናብ ይበዛል። በዚያ ጊዜ ጀንዲ በእርጥብ መሬት ላይ ከዋለ ይሻግታል። ስለዚህ ጠዋት ተነሥተን እናንሳው። አራግፈን በእንጨት ላይ እንስቀለው። ሻጋታ ከታየበት ደጅ አውጥተን በደረቅ ጨርቅ እንጥረገውና ጥላ ውስጥ ነፋስ ይምታው።

እሳት አጠገብ ማድረቅ ግን አይገባም። እሳት ቆዳውን ያኮማትረዋል፤ ኋላም ይሰነጠቃል። የደረቀውን ጀንዲ ሞራ፣ ጨው የሌለበት ቅቤ ወይም የጉሎ ቅባት በጥቂቱ ቀብተን በእጃችን እንሸው። የተልባ ዘይት ሲደርቅ ስለሚጠነክር ለዚህ አይሆንም። ብዙ ቅባትም አያስፈልግም፤ አቧራና አይጥ ይጠራል። የፋብሪካ ሶፋ ደግሞ ቅቤ አይቀባም። በእርጥብ ጨርቅ ተጠርጎ ወዲያው በደረቅ ጨርቅ ይወለወላል፤ ከፀሐይና ከምድጃም ይራቅ።

አልጋው ሲረግብ ጠፍሩን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለን እናለስልሰው። ከዚያ አጥብቀን እንሰረውና በጥላ ይድረቅ። እስኪደርቅ ድረስ ማንም አይተኛበት።

ስለ ትኋንስ? ጠፍር ላይ የፈላ ውሃ መድፋት የብዙ ሰው ልማድ ነው። የፈላ ውሃ ጠፍሩን ያኮማትረዋል፣ ያደርቀዋል፣ ይሰብረዋል። ይልቅስ አልጋውን ደጅ አውጥተን የእንጨቱን መጋጠሚያ በሽቦ ብሩሽ ወይም በስለት እንፈልፍለው። እንቁላሉን ሁሉ እንጥረግ። ግድግዳውን እንምረግ፣ ምንጣፉን በፈላ ውሃ እንጠብ። ይህን ደጋግመን እናድርግ። ለሰብል የተሠራ የተባይ መርዝ ግን መኝታ ላይ ፈጽሞ አይረጭ። ትኋንን ሲገድል ሕፃኑንም ይመርዛል።

ወገኖቻችን! ወረቀት ከመስፋፋቱ በፊት የአገራችን ፊደል የኖረው በብራና ላይ ነው። ብራና ደግሞ ምንድን ነው? ተፍቆ የተወጠረ የፍየልና የበግ ቆዳ ነው። ዛሬ የምታነቡት ሀ፣ ሁ፣ ሂ እዚህ የደረሰው የቆዳ ፋቂው እጅ ስለያዘው ነው። እንግዲህ ፊደል የለየ ሰው ያንን እጅ ሊንቅ አይችልም።

ስለዚህ ገበሬው ቢላዋውን ይጠንቀቅ፣ ቤተሰቡ ዕቃውን ይያዝ፣ ሁላችንም ባለእጁን እናክብር። የሞተ ከብት ያገኘ ደግሞ ከመግፈፉ በፊት ሐኪም ይጥራ። ይህን ጽሑፍ ማንበብ ለማይችል ጎረቤታችሁ አንብቡለት።